«ሆድ ይፍጀው» እና ጤናችን

ከባድ ነገር የገጠመው ሰው መናገር ሲከብደው «ተወው፣ ሆድ ይፍጀው» ይላል። ስናዝን ሆዳችን ይባባል፤ ስንሰጋ ሆዳችንን ባር ባር ይለዋል፤ በወዳጃችን ቅር ስንሰኝ ሆዳችን ይሻክራል፤ ታጋሹን ሰው ሆደ ሰፊ እንለዋለን። በቋንቋችን ሆድ የምግብ ብቻ ሳይሆን የስሜትም ማስቀመጫ ነው። ለመሆኑ ሆድ የተሰጠውን ነገር በርግጥ ይፈጀዋል? ወይስ ነገሩ ነው ሆድን የሚፈጀው?

ይህን ጥያቄ በሕክምናው ዓለም በሰፊው ያነሳው «ሳይኮአናሊሲስ» የተባለው የሥነ ልቦና ሕክምናና አስተሳሰብ ነው። ስሙ ከቪየናዊው ሐኪም ከሲግመንድ ፍሮይድ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ከተጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ አንዳንዶች ጊዜው ያለፈበት ተረት ነው ይሉታል፤ ሌሎች ደግሞ የሰውን ልብ የሚከፍት ቁልፍ አድርገው ያዩታል። በዛሬው ጽሑፋችን ከዚህ አስተሳሰብ ሳይንስ የጣለውንና የያዘውን ለይተን እናያለን። በተለይም በዲላ ከተማና በጌዴኦ ዞን ላሉ ወገኖቻችን ምን ሊጠቅም እንደሚችል እንመለከታለን።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው

እ.ኤ.አ በ1880 ዮሴፍ ብሮየር የተባለ የቪየና ሐኪም አንዲት የ21 ዓመት ወጣት ማከም ጀመረ። ወጣቷ የታመመ አባቷን ስታስታምም ቆይታ ራሷ ታመመች። እጅና እግሯ አልታዘዝ አላት፤ ዓይኗ ይጋረዳል፤ የአፍ መፍቻዋ ጀርመንኛ ጠፍቶባት በእንግሊዝኛ ብቻ የምትናገርበት ጊዜ ነበር። በሰውነቷ ላይ ግን ለዚህ ሁሉ ምክንያት የሚሆን ጉዳት አልተገኘም። ብሮየር ቁጭ ብሎ ሲያዳምጣት፣ የምልክቶቹን አጀማመር ስትናገር አንዳንዶቹ ሲቀልሏት ተመለከተ። ይህን «የንግግር ፈውስ» ያለችው ሐኪሙ ሳይሆን ራሷ ታማሚዋ ናት። በቀልድም «የጭስ ማውጫ መጥረግ» ትለው ነበር።

ብሮየርና ወጣቱ ባልደረባው ፍሮይድ ታሪኳን «አና ኦ» በሚል ስም እ.ኤ.አ በ1895 በመጽሐፍ አወጡ። ፍሮይድም ከዚያ ተነስቶ ሰፊ ሐሳብ ገነባ። በእርሱ አስተሳሰብ ሰው የሚያስበውን ሁሉ አያውቀውም፤ የማይቀበለውን ምኞት፣ ፍርሃትና ትዝታ ከንቃቱ በታች ይቀብረዋል፤ የተቀበረው ግን አይሞትም፣ በሕልም፣ በምላስ መሳት ወይም በሕመም መልክ ይወጣል። ሕክምናውም ታካሚው በሶፋ ላይ ተጋድሞ የመጣለትን ሁሉ ሳይመርጥ እንዲናገር ማድረግ ነው፤ በሳምንት አራትና አምስት ቀን፣ ለዓመታት።

የአና ኦ ታሪክ ግን በመጽሐፉ እንደተጻፈው በፈውስ አልተቋጨም። በኋላ የተገኙ ሰነዶች እንደሚያሳዩት ወጣቷ ከብሮየር ሕክምና በኋላም ታማ በሕክምና ተቋም ተኝታለች። ኋላ ላይ ግን ድና፣ በእውነተኛ ስሟ በርታ ፓፐንሃይም ተብላ በጀርመን የታወቀች የሴቶች መብት ተሟጋችና የማኅበራዊ አገልግሎት መሪ ሆነች። ይህን የምናነሳው ነገሩን ለማጣጣል አይደለም። ንግግር እንደሚያቀልል፣ ግን ብቻውን ሁሉን እንደማያድን ገና ከመነሻው የታየ መሆኑን ለማሳየት ነው።

«ኢጎ» ከመጽሐፍ ወደ ጎዳና

ሳይኮአናሊሲስ ከሕክምና ክፍል ይልቅ በባህል ውስጥ የበለጠ ዕድሜ አግኝቷል። በዲላ ጎዳናዎች ወጣቶች ስለ ኩሩ ሰው ሲያወሩ «ኢጎው ትልቅ ነው» ሲሉ ይሰማል። ቃሉ የመጣው ከፍሮይድ መጽሐፍ ትርጉም ነው። ፍሮይድ በጀርመንኛ የጻፈው ግን በቀላሉ «እኔ» ብሎ ነበር፤ «ኢጎ» የሚለውን የላቲን ቃል ያስገቡት የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎቹ ናቸው። ትርጉሙም ትዕቢት አልነበረም። ከውስጥ በሚገፋ ምኞት፣ «ይህ ነውር ነው» በሚል ሕሊናና በውጭው ዓለም እውነታ መካከል እየተደራደረ ሰውን የሚያኖር የማንነት ክፍል ነው።

ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ «ትራውማ አለብህ»፣ «እገሌ ናርሲሲስት ነው» የሚሉ ቃላት እንደ ዘበት ይወረወራሉ። እነዚህ የምርመራ ቃላት ናቸው እንጂ የስድብ ቃላት አይደሉም። በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ለትዳር አጋርዎ፣ ለልጅዎ ወይም ለራስዎ የበሽታ ስም አይስጡ። በቤተሰብ ውስጥ ያለ አለመግባባት ሁሉ በሽታ አይደለም፤ በሽታ የሆነው ደግሞ በስድብ አይድንም።

ሳይንስ ምን ጣለ? ምን ያዘ?

መጀመሪያ የተጣለውን እንይ። ፍሮይድ ሕፃን ወንድ ልጅ ሁሉ በእናቱ ምክንያት ከአባቱ ጋር ይፎካከራል ብሎ የጻፈው፣ የሴቶችን ሥነ ልቦና የገለጸበት መንገድና እያንዳንዱ ሕልም የተደበቀ ምኞት ነው ማለቱ በምርምር አልተረጋገጡም። የሳይንስ ፈላስፋው ካርል ፖፐር የተቸውም በዚህ ነው፤ ታካሚው ቢስማማ «አየህ፣ እውነት ነው»፣ ቢቃወም ደግሞ «ስለደበቅከው ነው» የሚባል ከሆነ፣ ሐሳቡ ስህተት መሆኑ የሚታወቅበት መንገድ የለም። በሕልም ረገድ የእኛ አባቶች «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ማለታቸው ከዚህ ትችት ጋር ይቀራረባል። እ.ኤ.አ በ1953 ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት የእንቅልፍ ክፍል ከታወቀ ወዲህ ሕልም በአንጎል የእንቅልፍ ሥራም መጠናት ጀመረ። እ.ኤ.አ በ1980 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መመሪያም በሳይኮአናሊሲስ ላይ የቆመውን አመዳደብ ትቶ፣ ሕመሞችን በሚታዩ ምልክቶች መለየት ጀመረ።

የቆመውም ቀላል አይደለም። አብዛኛው የአንጎል ሥራ ከንቃታችን ውጭ እንደሚከናወን ዛሬ የአንጎል ሳይንስ ራሱ ይናገራል። የልጅነት ግንኙነት በኋላ ሕይወት ላይ አሻራ እንደሚተው ያሳየው ጆን ቦልቢ ሳይኮአናሊስት ነበር። አሁን በዓለም በስፋት የሚሠራበትን የተዛባ አስተሳሰብን የማረም ሕክምና የጀመረው አሮን ቤክም በሳይኮአናሊሲስ የሠለጠነ ሐኪም ሲሆን፣ የፍሮይድን ሐሳብ ሊፈትን ተነስቶ ሌላ መንገድ አገኘ።

ሕክምናውም ቢሆን በዘመናዊ መንገድ ተፈትኗል። በለንደን ታቪስቶክ ክሊኒክ የተሠራና እ.ኤ.አ በ2015 የታተመ ጥናት፣ በሌላ ሕክምና ያልተሻላቸውን 129 የድባቴ ታካሚዎች ተከታትሏል። ከመደበኛው ሕክምና ጋር ለ18 ወራት በሳምንት አንድ ጊዜ በሳይኮአናሊሲስ ላይ የተመሠረተ የንግግር ሕክምና ካገኙት መካከል፣ ሕክምናው ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ 44 በመቶዎቹ የድባቴ መስፈርቱን አያሟሉም ነበር። መደበኛውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ውስጥ ግን 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ «ሁሉም ውሸት ነው» የሚለውም፣ «ሁሉም እውነት ነው» የሚለውም ልክ አይደለም።

ከጎንደር እስከ አማኑኤል

በሀገራችን የንግግርና የስሜት ሕክምና በባዕዳን አልተጀመረም። እ.ኤ.አ በ1932 ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ወደ ጎንደር መጥቶ የዛር ሥርዓትን ለወራት ተከታትሏል። ሰውየው ወደ አፍሪካ ከመነሳቱ በፊት ፓሪስ ውስጥ ራሱ ሳይኮአናሊሲስ ይከታተል ነበር። በኋላ የጎንደርን ጥናት ያካሄደው አንትሮፖሎጂስት ሳይመን ሜሲንግ እ.ኤ.አ በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ ዛርን እንደ ቡድን ሕክምና አይቶታል፤ በቤቷ የማትሰማ ሴት በዚያ ሥርዓት ውስጥ ስትናገር ትሰማለች፣ ብቻዋን የነበረችው ማኅበርተኛ ታገኛለች። በዛር ማመንና አለማመን የየራስ ጉዳይ ነው። ለሐኪም ትምህርት የሚሆነው፣ ሰው በቀጥታ መናገር ያልቻለውን በሌላ መንገድ እንደሚናገር መታየቱ ነው።

ዘመናዊው የአእምሮ ሕክምና ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተመሠረተው በአማኑኤል ሆስፒታል ዙሪያ አደገ። ለረጅም ጊዜ ስፔሻሊስት ሐኪሞቻችን የሚሠለጥኑት በውጭ ሀገር ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በሀገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም ነው። እ.ኤ.አ ከ2010 ወዲህ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው መመሪያ የአእምሮ ጤና አገልግሎትን ወደ ጤና ጣቢያ የማውረድ ሥራ ተጀምሯል። ሳይኮአናሊሲስ በሙሉ ቅርጹ፣ ማለትም ለዓመታት በሳምንት ብዙ ቀን የሚደረገው፣ በሀገራችን ተቋማት የተለመደ አገልግሎት አይደለም። ባለው የባለሙያ ቁጥርና በሕዝባችን አቅም ሊሆንም አይችልም። ከእርሱ የተወለዱት አጫጭር የንግግር ሕክምናዎች ግን ለእኛ ይሆናሉ።

ጌዴኦ ከ2010 ወዲህ

የጌዴኦ ዞን በቡናውና በእንሰቱ ይታወቃል። ዛፍን፣ ቡናንና እንሰትን አንድ ላይ ያኖረው የመሬት አያያዙም እ.ኤ.አ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይኸው ሕዝብ በ2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች በተነሳው ግጭት ከባድ መከራ አይቷል። ከሁለቱም ዞኖች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። ትምህርት ቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያናትና የመንግሥት ሕንፃዎች መጠለያ ሆኑ። በኋላ በዞኑ በተፈናቃዮች ላይ የተደረገ ጥናት ከተጠያቂዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣው የጭንቀት ሕመም ምልክቶች እንዳሉባቸው አሳይቷል።

አብዛኛው ተፈናቃይ ወደ ቀዬው ተመልሷል፣ አባ ገዳዎችና ሽማግሌዎችም በእርቁ ብዙ ደክመዋል። ቤት ይሠራል፤ ቡናም ይተከላል። ያየውን ያልተናገረ ሰው ግን ሕመሙን ይዞ ነው የሚመለሰው። ያን ጊዜ ሕፃን የነበረው ዛሬ አድጓል። ስለዚህ «ሆድ ይፍጀው» ለዚህ አካባቢ የቃላት ጨዋታ አይደለም።

እዚህ ላይ ከኡጋንዳ የምንማረው አለ። እ.ኤ.አ በ2003 የታተመ ጥናት በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ 30 መንደሮች ውስጥ በድባቴ የተያዙ ሰዎችን ይዞ ተነሳ። በተወሰኑት መንደሮች ታማሚዎቹ በቡድን ሆነው ለ16 ሳምንታት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል ተነጋገሩ። የመሩአቸው ሐኪሞች ሳይሆኑ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻ ንግግሩን ከተካፈሉት ውስጥ በድባቴ ውስጥ የቀሩት 6.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተካፈሉት ውስጥ ግን 54.7 በመቶ ነበሩ።

ይህ ሕክምና የቦልቢንና ከሳይኮአናሊሲስ የመጡ ሌሎች ሐኪሞችን ሐሳብ መነሻ ያደረገ ነው። ወደ ልጅነት ጓዳ ግን አይገባም። አራት ነገሮችን ብቻ ይጠይቃል፦ የሞተብህ አለ? ከማን ተጣልተሃል? ኑሮህ ተቀይሯል? ብቸኛ ሆነሃል? ከቀዬው ተፈናቅሎ ለተመለሰ ገበሬ ከእነዚህ አራት ጥያቄዎች የሚያልፈው ጥቂት ነው።

ሰውነት ሲናገር

በዲላና በአካባቢው ወረዳዎች በተመላላሽ ክፍል የሚሠራ ሐኪም በየቀኑ የሚሰማቸው ቃላት አሉ። «ራሴን ይወቅረኛል»፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ይደልቃል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»። ደም ይመረመራል፣ ሽንት ይመረመራል፣ ሁሉም ደኅና ይሆናል። ታካሚዋ «ምንም የለብሽም» ተብላ የሕመም ማስታገሻና የጨጓራ ኪኒን ይዛ ትሄዳለች። በወሩ ተመልሳ ትመጣለች፣ ወይም ያላትን ፍየል ሸጣ ሌላ ከተማ ሄዳ ትመረመራለች። «ምንም የለብሽም» የሚለው ቃል ግን ልክ አይደለም። የላብራቶሪው ውጤት ደኅና መሆን ሕመሙ የለም ማለት አይደለም።

አንዳንዴ ደግሞ ምልክቱ እንደ አና ኦ ይሆናል፤ ድምፅ መጥፋት፣ እግር አለመታዘዝ፣ መንቀጥቀጥ። የነርቭ መስመሩ አልተቆረጠም፣ ሥራው ግን ታውኳል። ይህ ማስመሰል አይደለም፣ የሚያምም ሰውም ሆን ብሎ አያደርገውም። ሐኪም በምርመራ የሚለይባቸው ምልክቶችም አሉት። በፊት ሐኪሞች በእንዲህ ያለ ታማሚ ላይ የግድ የተደበቀ የስሜት ቁስል ይፈልጉ ነበር። ዛሬ ግን ጭንቀት በብዙዎቹ ላይ ቢኖርም በሁሉም ላይ እንደማይገኝ ታውቋል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እዚህ ነው። ማንም ሰው «የጭንቀት ነው» ከመባሉ በፊት በሚገባ መመርመር አለበት። የሚጥል በሽታ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ የደም ማነስ፣ የስኳር ማነስ፣ የአንጎል ወባ፣ በድንገት አንድ ጎንን የሚያሰንፍ ስትሮክ ሁሉም «ጭንቀት» መስለው ሊመጡ ይችላሉ። አስቀድሞ ሰውነትን ማየት፣ ቀጥሎም ስለ ኑሮ መጠየቅ የሐኪሙ ግዴታ ነው። እርስዎም ሲመረመሩ የደረሰብዎትን ሐዘን ወይም ስጋት ከሕመሙ ጋር አብረው ይንገሩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለ?

እንዴት እናዳምጥ?

በጌዴኦ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጉዳይ የሚያዩበት ሶንጎ አለ። ቡናም በየቤቱ ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ለቅሶም አብሮ ይለቀሳል። እነዚህ ትልቅ ሀብት ናቸው። ሁሉም ነገር ግን በአደባባይ ወይም በጎረቤት ፊት አይነገርም። ስለዚህ የተጎዳ ሰው በአቅራቢያዎ ካለ የሚከተሉትን ያስቡ።

ሰውን እንዲናገር አያስገድዱ። ከአደጋ በኋላ ሁሉንም ዝርዝር በአንድ ጊዜ ማስወራት ይጠቅማል ተብሎ ብዙ ጊዜ ተሠርቶበታል። በጥናት ሲፈተሽ ግን የኋላውን የጭንቀት ሕመም እንደማይከላከል፣ አንዳንዶቹንም እንደሚጎዳ ታይቷል። «መናገር ስትፈልጊ አለሁ» ማለት «አሁኑኑ ንገሪኝ» ከማለት ይበልጣል።

ሲናገር አያቋርጡ። «አይዞህ፣ እርሳው» እና «ከአንተ የባሰ አለ» የሚሉት ቃላት ከፍቅር ቢነገሩም በር ይዘጋሉ። ዝም ብሎ መስማት፣ በመጨረሻም «ከብዶህ ነበር» ማለት ይበቃል።

ምሥጢር ይጠብቁ። የሰሙትን በቡና ላይ ካወሩት ያ ሰው ዳግመኛ አይናገርም። በተለይ የመደፈር ጥቃት የደረሰባት ሴት ወይም ልጅ ምሥጢሯ ተጠብቆ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም መድረስ አለባት። የኤች አይ ቪ መከላከያና የእርግዝና መከላከያ በቶሎ ሲጀመር ነው የሚጠቅመው። ጊዜው ቢያልፍም ሕክምና ስላለ ከመሄድ አትቅር።

ልጆችን በጨዋታና በሥዕል ይስሙ። ልጅ ሐዘኑን እንደ ትልቅ ሰው አይናገርም። አልጋ ላይ መሽናት፣ ከትምህርት መራቅ፣ ቁጡ መሆን የልጅ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። በዱላ የሚመለስም አይደለም።

አካልን አይርሱ። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ቀላል የአካል እንቅስቃሴ፣ ከሰው ጋር መዋል ከመድኃኒት የሚቆጠሩ ናቸው። አልኮልና ጫት ግን ለጊዜው የሚያቀልሉ ቢመስሉም እንቅልፍንና ጭንቀትን ያባብሳሉ።

መቼ ወደ ባለሙያ?

ሐዘን ሁሉ በሽታ አይደለም። የሞተበት ሰው ማልቀሱ ጤና ነው። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ መከፋት፣ ደስ የሚሉ ነገሮች ሁሉ ማስጠላት፣ እንቅልፍና ምግብ መዘጋት፣ ሥራ መሥራት አለመቻል፣ ያለፈው አደጋ በቅዠት ወይም በድንገት እየመጣ ማስበርገግ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በቀበሌዎ ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማማከርም ጥሩ መነሻ ነው። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ይላካሉ፤ በዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶችም አሉ። ሰው የሌለ ድምፅ ከሰማ፣ ያልተደረገ ነገር እየተደረገብኝ ነው ብሎ ከጸና፣ ከወለደች በኋላ አእምሮዋ ከተዛባ፣ ወይም «መኖር አልፈልግም» ካለ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። እስኪደርስ ብቻውን አይተውት፤ መድኃኒትና የተባይ ኬሚካል ከቤት ያርቁ። «መሞት ታስባለህ ወይ?» ብሎ በፍቅር መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ ለብቻው የተሸከመውን እንዲያካፍል ያደርጋል። እንዲህ ባለ ሕመም ላይ ንግግር ብቻውን አይበቃም፣ መድኃኒት ያስፈልጋል።

የድባቴ መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለው አይተዉት፤ ሲሻልዎትም ሐኪሙን ሳያማክሩ አያቋርጡት። ጸሎትና ጸበል ከሕክምና ጋር አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። የሃይማኖት አባቶችና አገልጋዮች «መድኃኒቱን አትተው» የሚል አንድ ቃል ቢጨምሩ ብዙ ሕይወት ይተርፋል። ታማሚን ማሰር፣ መግረፍና ምግብ መከልከል ግን በየትኛውም ቦታ ሕክምና አይደለም።

በመጨረሻም የሥነ ልቦና አማካሪ ሲፈልጉ ስለ ትምህርቱና ስለ ፈቃዱ ይጠይቁ። ሁለትና ሦስት መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ አማካሪ አይደለም። ጥሩ ባለሙያ ምሥጢር ይጠብቃል፣ በአንድ ቀን እፈውሳለሁ አይልም፣ ገና ሳያዳምጥ «የልጅነትህ ችግር ነው» አይልም። ጠይቆ፣ ሰምቶ፣ አስፈላጊ ሲሆን ወደ ሐኪም ይልካል።

ውድ አንባብያን፣ ፍሮይድ በብዙ ነገር ተሳስቷል። የታመመን ሰው ቁጭ ብሎ መስማት የሕክምና አካል መሆኑን ግን ለሐኪሞች ሁሉ አስተምሮ አልፏል። በዚህ ሳምንት በቤትዎ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ያለ ሰው ካለ፣ ቡናው ሲፈላ አጠገቡ ይቀመጡና «እንዴት ነህ?» ይበሉት። መልሱንም ሳይቸኩሉ ይጠብቁ።